የኤሌክትሪክ መኪና መቼና ምን ዓይነት ይገዛ?

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የብዙ ገዢዎች ቀዳሚ አማራጭ ሆኗል። የወላይታ ሶዶ ነዋሪ ከመወሰኑ በፊት ሊያጤናቸው የሚገቡ ነጥቦች እነሆ።

ርቀት፦ ሶዶ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ባለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 16 ቢፈጅ በስሌት 375 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ዳገት፣ ጭነትና ፍጥነት ግን ይቀንሱታል። በቻይና መለኪያ የተገለጸ ርቀትም በመንገድ ላይ ከሚገኘው ይበልጣል።

ኃይል መሙላት፦ ይኸው ባትሪ በተራ ሶኬት ከ25 ሰዓት በላይ፣ በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ደግሞ 9 ሰዓት ያህል ይወስዳል። የቤቱን መስመር አስቀድሞ በባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 ለዞኑ ቅርብ ቢሆንም ኃይሉ ወደ ብሔራዊው መረብ ስለሚገባ ቅርበቱ ብቻ ከመብራት መቆራረጥ አያድንም።

ባሕርያት፦ ከሰፊ ስክሪን ይልቅ የባትሪ ዋስትና፣ ከመሬት ያለው ከፍታና የመሰኪያው ዓይነት ይቀድማሉ። የቻይናና የአውሮፓ ፈጣን መሰኪያዎች አይገጣጠሙም። ያገለገለ መኪና ሲገዛ የባትሪው ቀሪ አቅም በመሣሪያ ይለካ።

ጊዜ፦ የራሱ ግቢና ቆጣሪ ኖሮት በአብዛኛው በከተማው፣ ወደ ቦዲቲና አረካ ለሚመላለስ ሰው አሁን መግዛት ያዋጣዋል። በኪራይ ቤት የሚኖር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚያዘወትር ግን በመንገዱ ላይ አስተማማኝ መሙያ እስኪያገኝ ቢታገሥ ይሻለዋል።