የቀበሌ የመሬት ኮሚቴ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?

የቀበሌ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ሥርዓት ውስጥ ለአርሶ አደሩ ቅርብ የሆነው አካል ነው። አባላቱን የሚመርጡት የቀበሌው ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ በሥሩም የንዑስ ቀበሌ ኮሚቴዎች ይዋቀራሉ።

በመሬት ጉዳይ የኮሚቴ ሥልጣን በየዘመኑ ተለዋውጧል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ መሬት የማደላደልና የመሬት ክርክርን በፍርድ ሸንጎ የማየት ሥልጣን ለገበሬ ማኅበራት ሰጥቶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው ሽግሽግ ደግሞ “ቢሮክራት” ተብለው የተፈረጁ አርሶ አደሮች ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር ገደማ በላይ እንዳይዙ ተደርጓል። የሽግሽጉ ትዝታ በጎጃም ገጠር ዛሬም አልጠፋም።

ቀጥሎ የመጣው የይዞታ ምዝገባ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚገኘው የጎዛምን ወረዳ፣ በአዲስና ጉሊት ቀበሌ፣ በክልሉ ምዝገባው በቅድሚያ ከተሞከረባቸው ስፍራዎች አንዱ ነበር። አዋጅ ቁጥር 133/1998 ከቀበሌው ባለይዞታዎች ቢያንስ 80 በመቶው ካልተስማሙ በቀር ሽግሽግ እንዳይካሄድ ገደብ አበጀ። ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው።

የኮሚቴው ዋና ተግባር ይዞታን መለየትና ምዝገባን ማገዝ ነው። ድንበርተኞች በተገኙበት ወሰን እንዲታይ ያደርጋል፤ የምዝገባው ውጤት ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ቅሬታ ይቀበላል፤ የወል መሬት ከግል ይዞታ እንዲለይ ይረዳል። የማን ማሳ የት እንደሚያበቃ የሚያውቀው ጎረቤት በመሆኑ፣ የኮሚቴው ምስክርነት ክብደት አለው።

ሆኖም ኮሚቴው ፍርድ ቤት አይደለም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሚሰጠው የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። የወሰን፣ የውርስ ወይም የኪራይ ክርክር ሲነሣ ተከራካሪዎቹ በስምምነት ወይም በሽማግሌ ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ካልሆነ ጉዳዩ ለወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ኮሚቴው በራሱ ውሳኔ የአንዱን ማሳ ነቅሎ ለሌላው መስጠት አይችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይኸው አንቀጽ መሬት እንደማይሸጥም ያስቀምጣል። ስለዚህ በኮሚቴ አባል ፊት የተፈረመ የመሬት ሽያጭ ውል ሕጋዊ አይሆንም።

ከተማ ሲሰፋም እንዲሁ ነው። መሬትን ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅና ካሳ መክፈል በፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚመራ ሲሆን፣ ውሳኔው የአስተዳደር አካላት እንጂ የቀበሌው ኮሚቴ አይደለም። ካሳ የሚጠይቅ አርሶ አደር ይዞታውን ማስረዳት ስላለበት፣ ደብተሩ የተሟላና የታደሰ መሆኑ እጅግ ይጠቅመዋል።

ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ይመዘገባል። ስሟ ያልሰፈረ ሚስት፣ ወሰኑ የተዛባበት ባለይዞታ ወይም ውርሱን ያላዛወረ ወራሽ ጉዳዩን አስቀድሞ ለኮሚቴው፣ ቀጥሎም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ቢያቀርብ ይመከራል። የማመልከቻውን ቅጂ ማስቀረትም በኋላ ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ይሆናል።