ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለምን አልገበሩም?

ጅማንና ካፋን የሚለያቸው የጎጀብ ወንዝ ነው። ከወንዙ በስተሰሜን የጅማው አባ ጅፋር ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ለምኒልክ ገበሩ፤ ግብሩን እየከፈሉም በዙፋናቸው ቆዩ። ማዶ፣ ከቦንጋ አጠገብ በአንድራቻ የነበሩት የካፋው ታቶ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ጋኪ ሸሮቾ ግን ግብር ሲጠየቁ እምቢ አሉ።

እምቢታውን የንጉሡ ግትርነት ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ጋኪ ከሚንጆ ጎሣ ናቸው፤ የካፋ ነገሥታት ለብዙ ትውልድ የወጡት ከዚሁ ጎሣ ነው። ይሁንና ታቶ ብቻውን አይፈርድም ነበር። ሚክሬቾ የሚባለው የመማክርት ሸንጎ፣ ከታላላቅ ጎሣዎች የተውጣጡ ሰዎች የሚቀመጡበት፣ በሀገር ጉዳይ ቃሉ ይሰማ ነበር። ታቶው ደግሞ ከሕዝብ ዓይን የተጋረደ፣ እንደ ተቀደሰ የሚታይ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ንጉሥ ለሌላ ንጉሥ እጅ ሲነሣ፣ የሚያጎነብሰው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሸንጎውም አብሮ ያጎነብሳል።

ምስክሮቻችን በቁጥር ጥቂት፣ በወገንም የተለያዩ ናቸው። ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች በካፋ ያለፈው ሀገሩን ለምኒልክ ካሸነፉት ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ነበር። ሆኖም ከአሸናፊው ጎን ቆሞም ቢሆን፣ ባዶ የቀረውን ሀገርና በየቦታው የተበተነውን የሰው አጥንት ሳይደብቅ ጽፏል። ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ቢበር የደረሰው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 እና በ1909 ነው፤ መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ የካፋ ሰዎች ስለ ቀድሞ ሥርዓታቸው የነገሩትን መዘገበ። ለዚህ ጥያቄ የቢበርን መዝገብ አስቀድማለሁ፤ ሸንጎው በውስጡ ይታያልና።

የምኒልክ ዘመቻ በካፋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀመረ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሩት፤ የአባ ጅፋር ጦርም ከዘማቾቹ አንዱ ነበር። ካፋ ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በኬላ አጥሮ ነበር፤ ጠመንጃው ግን ከጥቂት መቶ አይበልጥም፤ ከፊቱ የቆመው የሺዎች ጠመንጃ ነው። አንድራቻ ተቃጠለች። ታቶው ወደ ጫካ ገቡ፤ ሰውም ለወራት ሸሸጋቸው። በመስከረም 1890 ዓ.ም መባቻ ተያዙ። በምርኮ ጎጀብን ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን ወንዙ ውስጥ ጣሉ ተብሎ ይተረካል። ትረካውን እንደ ተጨባጭ ድርጊት መያዝ አይቻልም፤ ካፋ ስለ ራሱ መጨረሻ ምን እንዳሰበ ግን በደንብ ያስረዳል።

ካፋን ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ገዙት። ጋኪ ሸሮቾ ሀገራቸውን ለመግዛት ሳይመለሱ እ.ኤ.አ. በ1919 አረፉ። አባ ጅፋር በዚያ ዓመት ገና በጅማ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1932ም ቆዩ።