እርሾና የተሰበረው ክሮሞሶም

ቤልጅጋዊው ካህንና መምህር ፍራንስ አልፎንስ ያንሰንስ፥ በሉቫን ዩኒቨርሲቲ የሳላማንደርን የዘር ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፥ ከአባትና ከእናት የወረዱት ክሮሞሶሞች ተጓዳኝተው በመስቀል አምሳል የሚተላለፉበትን ስፍራ ተመልክቶ፥ በዚያ ተሰብረው አንዱ ከሌላው ጋር ይቀጠላል የሚለውን ትምህርቱን በ1909 አወጣ፤ ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም አሜሪካዊው ቶማስ ሀንት ሞርጋን ይመረምራቸው የነበሩትን ዝንቦች ውርስ በዚሁ ትምህርት ተረጐመው። መሰበሩ እንዴት እንደሚሆን ግን ከሁለቱ ሊቃውንት አንዱም ሊያሳይ አልተቻለውም።

ምሥጢሩን የገለጠው ዳቦ የሚያነሣው እርሾ ነው። ይህ ደቂቅ ፍጥረት ምግብ ባጣ ጊዜ ክሮሞሶሞቹን ሚዮሲስ በተባለው የሕዋስ አከፋፈል ከፍሎ በአንዲት ከረጢት ውስጥ አራት ስፖሮች ይወልዳል፤ መርማሪውም የከረጢቷን ግድግዳ በኢንዛይም አላልቶ፥ ከማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን የመስታወት መርፌ አራቱን አንድ በአንድ ለይቶ አጋር በተባለው የማብቀያ ጄል ላይ ያኖራቸዋል፥ እያንዳንዱም ተባዝቶ ለዓይን የሚታይ ነጠብጣብ ይሆናል። ወላጆቹ በአንድ በራሂ የተለያዩ እንደ ሆነ ሁለቱ የአንደኛውን፥ ሁለቱ የሌላኛውን ወላጅ ጠባይ ይዘው ይወጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ፥ አንዳንድ ጊዜ ሦስት ለአንድ ሆነው ይገኛሉ። የእርሾ መርማሪው ካርል ሊንደግሬን ይህን በተናገረ ጊዜ ለማመን የከበዳቸው ነበሩ፤ አይፈረድባቸውም፥ ሜንዴል ስለ ውርስ ከደነገገው ሥርዐት የወጣ ነበርና።

በክሮሞሶም ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በሁለት ክር የተገመደ እንደ መሆኑ፥ ሮቢን ሆሊዴይ በ1964 ነገሩን ሲያስረዳ፥ ከየገመዱ አንድ አንድ ክር ብቻ ይቈረጣል አለ፤ ሁለቱም ክሮች በአንድ ስፍራ ቢቈረጡ ለሕዋሱ ጥፋት እንጂ ጥቅም አይመስልም ነበር። ቴሪ ኦር ዊቨር፥ ጃክ ሾስታክና ሮድኒ ሮትስታይን ግን የተቈረጠ የዲኤንኤ ቀለበት ወደ እርሾ ቢያስገቡ፥ ካልተቈረጠው እጅግ አብልጦ ከአምሳያው ክሮሞሶም ጋር ሲዋሐድ አዩ፤ በ1983ም ከፍራንክሊን ስታል ጋር ሆነው፥ ብራናው የተቀደደበት ጸሐፊ የጐደለውን ቃል ከሌላ ቅጅ እንደሚገለብጥ፥ ሁለት ክሩ የተሰበረውም ክሮሞሶም የጐደለውን ከደኅናው ጓደኛው ይገለብጣል፥ ሦስት ለአንድም የሚሆነው በዚህ ነው ሲሉ ጻፉ።

የሾስታክ ቤተ ሙከራ በ1989 ስብራቱን በሚዮሲስ ላይ ካለ እርሾ ዲኤንኤ አውጥቶ አሳየ። ቈራጩ ግን ገና አልታወቀም፤ በ1997 ስኮት ኪኒ፥ ክሬግ ጂሩና ናንሲ ክሌክነር፥ ጥገናው ከመንገድ በቆመበት እርሾ ውስጥ ከተቈረጠው ጫፍ ተጣብቆ የቀረ ፕሮቲን አግኝተው ቢመረምሩት፥ በሊቃውንቱ ዘንድ ስሙ አስቀድሞ የታወቀው ስፖ 11 ሆኖ ተገኘ። ይህ ፕሮቲን በአንድ ሚዮሲስ 160 ያህል ስብራት ያደርሳል፤ ይህንም የሚያደርገው፥ ጥንዶቹ ክሮሞሶሞች አስቀድመው በስብራቱ ካልተያያዙ በኋላ በቅጡ ሊለያዩ ስለማይችሉ ነው። ስፖ 11 የጐደለው እርሾ ከሚወልዳቸው ስፖሮች አብዛኞቹ አይበቅሉም፤ ያው ፕሮቲን የጐደለው አይጥም መካን ነው።