እጥረት የወለደው ሰንጠረዥ

እ.ኤ.አ. በ1963 በጣና ዳር፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሲከፈት፣ ወጣቶች ጨርቃ ጨርቅን፣ ብረታ ብረትን፣ የእንጨት ሥራንና ኤሌክትሪክን እንዲማሩበት ታስቦ ነበር። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1962 መጨረሻ፣ በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ አትላስ የተባለ ኮምፒውተር ተመርቆ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ያ ፖሊ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ኮምፒውቲንግ ያስተምራል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚማር ተማሪም አትላስ ለዓለም ካስተዋወቀው ሐሳብ ጋር መተዋወቁ አይቀርም። ሐሳቡ ቨርቹዋል ሜሞሪ ይባላል፤ የሚሠራውም የገጽ ሰንጠረዥ በተባለ መዝገብ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ባለጸጋ ላቦራቶሪ ረቂቅ ዕውቀት፣ ከእኛ ኑሮ የራቀ ጉዳይ አድርገው ያዩታል። ታሪኩ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። የገጽ ሰንጠረዥ ከእጥረት የተወለደና እጥረት ያሳደገው ጥበብ ነው፤ ስለዚህ በትንሽ መሣሪያ ብዙ መሥራት ያለበት ባለሙያ ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል።

እስከዚያ ድረስ የነበረው ችግር ግልጽ ነበር። ፈጣኑ ሜሞሪ ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች በእጅ የሚሠራ፣ እጅግ ውድ ዕቃ ነበር። አትላስ ራሱ የነበረው 16,384 ቃላት የሚይዝ ፈጣን ሜሞሪ ብቻ ሲሆን፣ በአጠገቡ 98,304 ቃላት የሚይዝ ዘገምተኛ የማግኔት ከበሮ ተቀምጦ ነበር። በቀድሞዎቹ ማሽኖች ፕሮግራም ጸሐፊው ሥራውን ቆራርጦ፣ የትኛው ቁራጭ መቼ ከከበሮ ወደ ሜሞሪ እንደሚገባና የትኛው እንደሚወጣ ራሱ ማቀድ ነበረበት። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሩዶልፍ ጉንች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በበርሊን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ይህን ጣጣ ማሽኑ ራሱ ሊሸከመው እንደሚችል አስቀድሞ ገልጿል። በማንችስተር በቶም ኪልበርን የተመራው ቡድን ደግሞ ሐሳቡን በብረትና በሽቦ አሳየ። ሜሞሪውን 512 ቃላት በሚይዙ 32 ገጾች ከፈለው፤ ለእያንዳንዱ ገጽም በዚያ ሰዓት የያዘውን የሚናገር መመዝገቢያ ሰጠው። የተፈለገው ገጽ በመመዝገቢያዎቹ ካልተገኘ ማሽኑ ሥራውን አቁሞ ከከበሮው ያመጣዋል። ፕሮግራም ጸሐፊው ከዚያ በኋላ ሁለቱን ማስቀመጫዎች እንደ አንድ ሰፊ ሜሞሪ ይጠቀምባቸው ጀመር።

የዚህ ሁሉ መሠረት አድራሻን ከመኖሪያ ቦታ መለየት ነው። በጣና ገዳማት መጽሐፍ የሚፈልግ መነኩሴ በስሙ ይጠይቃል እንጂ በየትኛው ሣጥን እንዳለ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ሣጥኑን የሚያውቀው የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነልም እንዲሁ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን መዝገብ፣ ማለትም የገጽ ሰንጠረዡን፣ ይይዝለታል። ዛሬ በብዙ ላፕቶፖች ላይ በሚሠራው ሊኑክስ በተባለው ከርነል አንድ ገጽ 4,096 ባይት ነው። የ48 ቢት አድራሻ በአንድ ወጥ ሰንጠረዥ ቢመዘገብ ሰንጠረዡ ብቻውን ለአንድ ፕሮግራም 512 ጊጋባይት ይወስድ ነበር። ስለዚህ መዝገቡ በአራት እርከን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሰንጠረዥ 512 መስመር ኖሮት ልክ አንድ ገጽ ይሞላል፣ ያልተነካ የአድራሻ ክልል ደግሞ ሰንጠረዥ አይሠራለትም። ፕሮግራሙ ሜሞሪ ሲጠይቅ ከርነሉ ቃል ይገባለታል እንጂ ወዲያው አይሰጠውም፤ ገጹን የሚሰጠው ፕሮግራሙ ሲነካው ነው። ያልተፈቀደለትን አድራሻ ከነካ ግን ከርነሉ ያስቆመዋል። በየመስመሩ ይነበብ፣ ይጻፍበት፣ ይፈጸም የሚል ፈቃድ ተጽፏል። ቆጣቢነቱ በራሱ በመዝገቡ አሠራር ውስጥ አለ።

በአትላስ ዘመን በሐሳቡ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። ብልህ ፕሮግራም ጸሐፊ የራሱን ሥራ ስለሚያውቅ ገጾቹን ከማሽን በተሻለ ያቀያይራል፤ ለማሽኑ መተው ፍጥነትን መሠዋት ነው ተባለ። ጥርጣሬው መሠረት ነበረው፤ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲጨናነቁ ማሽኑ ገጽ በማውጣትና በማስገባት ብቻ ተጠምዶ ሥራው ይቆም ነበር። መልሱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። ፒተር ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ፕሮግራም በማናቸውም ቅጽበት ከገጾቹ ጥቂቱን ብቻ ደጋግሞ እንደሚነካ፣ እነዚያን መያዝ እስከተቻለ ድረስም መጨናነቁ እንደማይመጣ አስረዳ። በማግስቱ ዓመት የአይቢኤሙ ዴቪድ ሴይር ማሽኑ በራሱ የሚያደርገው ቅያሬ ከሰው እጅ ሥራ ጋር የሚወዳደር መሆኑን በመለኪያ አሳየ። ክርክሩን የዘጋው የፍልስፍና ብልጫ ሳይሆን ልኬት ነበር፤ ለሙያው ክብር የሚሰጠውም ይህ ነው።

የሊኑክስ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ከርነሉን ሲጀምር የነበረው ተራ የግል ኮምፒውተር ነው። በዚያ ዓመት ማብቂያ በጀርመን የሚኖር አንድ ተጠቃሚ 2 ሜጋባይት ሜሞሪ ባላት ማሽኑ ከርነሉን መገንባት አቃተው። ቶርቫልድስ በገና ሰሞን ገጾችን ወደ ዲስክ የማውጣትን ሥራ ጨመረበት፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች ወደ ሊኑክስ መምጣት ጀመሩ። ያለፈቃድ ክፍያ የሚገኘው ይህ ከርነል ዛሬ በባሕር ዳር ገበያ በሚሸጡ የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ውስጥ አለ። ሜሞሪያቸው ትንሽ በሆኑት ስልኮች ላይ ከርነሉ ሥራ የፈቱ ገጾችን ጨምቆ እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል። አትላስን ያስጨነቀው ጥያቄ በእጃችን ባለው ዕቃ ውስጥ አሁንም መልስ እየተሰጠው ነው።

አሁን ሜሞሪ ረክሷልና ይህ ሁሉ ለምን የሚል ይኖራል። ምክንያቱ እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ የገጽ ሰንጠረዥ ከማግኔት ቀለበቶቹ ጋር ያልፍ ነበር። የቆየው አድራሻን ከቦታ የለየው መዝገብ ሌላ ትልቅ ጥቅም ስላስገኘ ነው፦ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ ማየት እንዳይችል ይለያያቸዋል። በስልክ የባንክ ሒሳብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ምስጢሩ በአጠገቡ ካለ ጨዋታ የሚጠበቀው በዚህ መዝገብ ጭምር ነው። ይህ ጥበቃ ዋጋ እንደሚያስከፍል መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር ጉድለት ይፋ ሲሆን ተራ ፕሮግራም የከርነሉን ምስጢር ማንበብ እንደሚችል ታወቀ፤ የሊኑክስ ሰዎች የከርነሉን ሰንጠረዥ ከፕሮግራሞቹ ሰንጠረዥ ለዩት፣ አንዳንድ ሥራዎችም በዚሁ ምክንያት ዘገዩ። ያም ሆኖ ፍጥነቱን ከፍለው ጥበቃውን መረጡ። በቁጠባ የተጀመረ ጥበብ የደኅንነት መሠረት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከእኛው ወገን የሚነሳው ነው፦ ከርነል የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፣ እኛ በላዩ መተግበሪያ ብንሠራ ይበቃል። ይህ አስተሳሰብ በሁለት ምክንያት አያሳምንም። አንደኛ፣ በደካማ ስልክ ላይ የሚጎተት መተግበሪያን ማቃናት የሚችለው ገጾቹ መቼ እንደሚነኩና መቼ እንደሚወጡ የተረዳ ሰው ነው፤ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በዋንዛዬ ወይም በዘጌ ያለ ገበሬ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ርካሹን ስልክ ነው። ሁለተኛ፣ በሩ ክፍት ነው። የሊኑክስ የሜሞሪ አስተዳደር ኮድ ኤምኤም በተባለው ማኅደር ውስጥ ለማንም ተቀምጧል፤ ለማንበብ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ፖሊ የተከፈተው ማሽኑን ከነአሠራሩ የሚያውቅ ቴክኒሻን ለማፍራት ነበር። ያንን ዓላማ ዛሬ ላይ መጠበቅ ማለት የገጽ ሰንጠረዥን ለፈተና ከማጥናት አልፎ፣ ተማሪው ኮዱን ከፍቶ እንዲያነብ፣ በአነስተኛ ሜሞሪ እንዲፈትንና የለካውን ይዞ እንዲከራከር ማድረግ ነው። ሴይርና ዴኒንግ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ የጣና ዳር ተማሪ የማያደርግበት ምክንያት የለም።