ለዓይን የሚለቀቅ ውሃ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ትልቅ ውሃ ማየትን ከዕውቀት ይቆጥረዋል። በሌላም አገር ያለው ሰው ቢሆን ከዚህ የተለየ አሳብ የለውም፤ ትልቅ ውሃ ሲወድቅ ለማየት ልጆቹን ይዞ ብዙ መንገድ ይጓዛል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት ሥፍራዎች አንዱ በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ የሚገኘው የናያጋራ ፏፏቴ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ናያጋራ ከሚጎርፉት የአሜሪካ ቤተሰቦች መካከል ጥቂት የማይባሉት ከመኪናቸው ኋላ ተሳቢ አስከትለው ነበር የሚመጡት። ተሳቢው ግን የጭነት አልነበረም። አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ማጠራቀሚያ ያለው፣ በጎማ ላይ የተሠራ ትንሽ ቤት ነበር። አባት ይነዳል፤ እናት ካርታ ታነባለች፤ ልጆች በኋላ ወንበር ይጨቃጨቃሉ፤ ሲመሽ ከአንድ ሜዳ ጥግ ይዘው ራታቸውን ሠርተው ይተኛሉ። የሆቴል ሒሳብ የለ፣ የባቡር ሰዓት የለ! ይህ የተሳቢ ቤት ፍቅር በ1930ዎቹ ተጀምሮ፣ አገር አቋራጭ አውራ ጎዳናዎችን ያስገነባው የ1956ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ ይበልጥ ተስፋፋ። ለእኛም ቢሆን ፈጽሞ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ዋሊ ባየም የተባለው «ኤርስትሪም» የሚባሉት ባለ አሉሚኒየም ተሳቢ ቤቶች ፈጣሪ፣ በ1959 ከኬፕታውን ወደ ካይሮ አንድ ትልቅ ጓዝ አስከትሎ ሲጓዝ ኢትዮጵያን አቋርጧል፤ ተጓዦቹም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል።

ያ ቤተሰብ ናያጋራ ደርሶ ከብረት አጥሩ ላይ ተደግፎ ውሃውን ሲመለከት፣ ለማየቱ የሚከፍለው ዋጋ አልነበረም። ነገር ግን ይህ ነፃነት ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ባለፈው መቶ ዓመት በፊት፣ ማለት በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ በአሜሪካ ወገን ያለው የወንዝ ዳር መሬት በሙሉ በግለሰቦች እጅ ገብቶ ነበር። ባለ መሬቶቹ ፏፏቴውን በአጥር ከልለው ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ በአጥር ሽንቁር አጮልቆ ለማየት እንኳ ሳንቲም ይጠየቅ ነበር። እግዜር የፈጠረውን ውሃ እንዴት ሰው በሽንቁር ይሸጣል? ብለው የተነሡ ሰዎች ለዓመታት ተከራከሩ። ከእነርሱም አንዱ የኒውዮርክን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት መካከል የሆነው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ነበር። በመጨረሻም መንግሥት መሬቱን ገዝቶ ሐምሌ 15 ቀን 1885 ለሕዝብ በነፃ ከፈተው። ካናዳም በ1888 የበኩሏን መናፈሻ ከፈተች።

የአጥሩ ባለቤት ከሄደ በኋላ ግን ሌላ ባለ ጉዳይ መጣ፤ እርሱም ኤሌክትሪክ ነው። በ1895 ትልቁ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በኅዳር 1896 የናያጋራ ውሃ በቴስላና በዌስቲንግሀውስ ዘዴ ተለውጦ ጎረቤት ከተማ ቡፋሎ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የወንዙ እያንዳንዱ ጠብታ ሁለት ፈላጊ አገኘ፤ አንዱ ሊያየው፣ ሌላው ሊያበራበት።

ሁለቱ መንግሥታት በ1950 የተፈራረሙት ውል ለዚህ ክርክር በቁጥር መልስ ሰጠ። ከሚያዝያ 1 እስከ መስከረም 15፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ፣ በፏፏቴው ላይ በሴኮንድ ከ100,000 ኪዩቢክ ጫማ (2,832 ሜትር ኩብ ያህል) ያነሰ ውሃ እንዳይወርድ ተደነገገ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜም ይኸው መጠን እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ይለቀቃል። በሌሊትና በክረምት ግን ግማሹ፣ 50,000 ኪዩቢክ ጫማ ይበቃል ተባለ። የወንዙ መደበኛ ፍሰት ወደ 200,000 ኪዩቢክ ጫማ ስለሆነ፣ እንግዳ ቀን የሚያየው የወንዙን ግማሽ ገደማ፣ ሌሊት የሚወርደውም ሩቡን ያህል ነው። ተሳቢ ቤቱ ውስጥ ተኝቶ የውሃውን ድምፅ የሚያዳምጠው ልጅ፣ እንቅልፍ ሲወስደው ፏፏቴው እንደሚቀነስለት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ይህም ሒሳብ ያለ ዕዳ አልተሠራም። ሌሊት የሚጠለፈውን ውሃ የሚያጠራቅም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲቆፈር፣ የተስካሮራ ሕንዶች 550 ኤከር መሬት ተወሰደባቸው። ተስካሮራዎች ተሟገቱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 ፈረደባቸው። ከፍርዱ ምክንያቶች አንዱ መሬቱን በራሳቸው ገንዘብ ስለገዙት ሕግ እንደሚለው «የተከለለ መሬት» አይደለም የሚል ነበር። መንግሥት ቢሰጣቸው ኖሮ ይከበርላቸው የነበረው፣ ገዝተው ቢይዙት ተነጠቁት! በ1969 ደግሞ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች የአሜሪካውን ፏፏቴ ከሰኔ እስከ ኅዳር ፈጽመው አደረቁት። ሕዝቡም የውሃውን መውደቅ ለማየት ይመጣ እንደነበረው ሁሉ፣ ድንጋዩን ለማየት መጣ።

ይህን ሁሉ ማንሣታችን ጎረቤትን አይቶ ለመደነቅ ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ጢስ ዓባይም ያው ዕጣ ደርሶታል። ለብዙ ዘመን በአንድ ብር ኖት ጀርባ ከኪሳችን የማይጠፋው ያ ፏፏቴ፣ በ1964 የመጀመሪያው 11.4 ሜጋዋት ማመንጫ፣ በ2001 ደግሞ ባለ 73 ሜጋዋቱ ሁለተኛ ማመንጫ ከጎኑ ተተከሉበት። በ1996 የተጠናቀቀው የጨራ ጨራ ግድብ የጣናን አፈሳስ በሰው እጅ አስገባው። በ2010 የተመረቀው የበለስ ማመንጫ ደግሞ ውሃውን ከራሱ ከጣና በዋሻ ስለሚወስድ፣ ያ ውሃ ፏፏቴውን ከነጭራሹ አያይም። በነሐሴ የሄደ እንግዳ ስሙን የሚያስጠራውን ጢስ ያያል፤ በመጋቢት የሄደ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያየው ጥቁር ድንጋይና ቀጭን የውሃ ክር ነው።

መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ በኩራዝ ያላጠና መሆን አለበት። ፋብሪካም፣ ሆስፒታልም፣ ትምህርት ቤትም ከዚያ ውሃ ተጠቅመዋል። ይሁንና የናያጋራ ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ እርሱም ማየት ራሱ እንደ መስኖና እንደ ኤሌክትሪክ የውሃ ጥቅም ሆኖ በሕግ ተጽፎ፣ ሰዓትና መጠን ተቆርጦለት ሊከበር መቻሉ ነው። ኪሎዋት የሚቆጥር መሥሪያ ቤት አለን፤ ከጢስ ዓባይ መንደር ተነሥቶ እንግዳ እየመራ የሚተዳደረው ወጣት፣ ልጆቹን በአውቶቡስ ጭኖ ከአዲስ አበባ የሚሄደው አባት የሚጠብቁትን ውሃ ማን ይቆጥርላቸው? ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ ይጻፍ። በወረቀት ያልሰፈረ ውሃ በድርቅ ዘመን የሚሟገትለት የለውምና።