የቡሄ ጭፈራና አጸደ ሕፃናት

ሕፃናት በዓልን እንዴት ይማራሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ አስቀድሞ በዓሉን ማን ያስተምራቸው እንደ ነበር መመርመር ይገባዋል። ዛሬ በየከተማው ያሉት አጸደ ሕፃናት የአውደ ዓመትን ሥርዓት ለልጆች ለማሳየት ይጥራሉ፤ ጥረታቸውም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ልማድ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ በገባ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ቡሄን ምሳሌ አድርገን ይህንኑ ለውጥ ለመመልከት እንወዳለን።

ቡሄ ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 13 ቀን የምታከብረው የደብረ ታቦር በዓል ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በተራራው ላይ ብርሃን በታየ ጊዜ እረኞቹ ልጆች ቀኑ የመሸ ስላልመሰላቸው በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ችቦውና ሙልሙሉ ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛሉ፤ የጅራፉ ጩኸትም ከደመናው የተሰማውን ድምፅ ያስታውሳል ይባላል። ትርጓሜው የቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የጭፈራው ባለቤቶች ግን ወንዶች ልጆች ናቸው።

ልጆቹ ከበዓሉ አስቀድመው ጅራፋቸውን ይገምዳሉ፤ ዱላቸውን ያዘጋጃሉ፤ ቡድናቸውንም ይመርጣሉ። ቀኑ በደረሰ ጊዜ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፣ መሬቱን በዱላ እየመቱ ይጨፍራሉ። ከመካከላቸው ድምፁ ያማረና ግጥም የሚያውቅ አንዱ አውራጅ ይሆናል፤ የቀሩት ይቀበላሉ። የቤቱ እመቤት ሙልሙል በሰጠች ጊዜ ቤቱን መርቀው ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ያገኙትን ይካፈላሉ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የትንሹን ልጅ ቦታ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ታላቅ ወንድሙን ተከትሎ ይወጣል። ግጥሙን ባያውቅም ተቀባይ ለመሆን አንድ ቃል ይበቃዋል። ከዓመት ወደ ዓመት እየሰማ ግጥሙን ያጠናል፤ ጎረቤቱን በስም ያውቃል፤ ማመስገንንና መካፈልን ይለምዳል። አንድ ቀን ደግሞ እርሱ ራሱ አውራጅ ይሆናል። ስለዚህ ቡሄ በዓል ብቻ ሳይሆን፣ መምህሩም ተማሪውም ልጅ የሆነበት ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። የቄስ ትምህርት ቤትም በዚህ ረገድ ይመስለዋል፤ በዚያም ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ያስጠና ነበርና።

አጸደ ሕፃናት የተሠራው በሌላ መሠረት ላይ ነው፤ ልጆችን በዕድሜ ይለያል። በዚህም ምክንያት በቡሄ ዝግጅት ጊዜ አውራጅ የሚሆን ታላቅ ልጅ አይገኝም። ቦታውን መምህርቲቱ ወይም የድምፅ ማጉያው ይወስዳል፤ ሕፃናቱም የሀገር ልብስ ለብሰው ወላጆች በሚመለከቷቸው መድረክ ላይ ይቆማሉ። ቀድሞ የበዓሉ ባለቤት የነበረው ልጅ እዚህ የበዓሉ ማሳያ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር የዘመን አቈጣጠር ነው። የትምህርት ዓመት በመስከረም ተጀምሮ በክረምቱ መግቢያ ስለሚያበቃ፣ ቡሄ የሚውለው ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ወራት ነው። እንግዲህ በግቢ የሚከበረው ቡሄ አስቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚደረግ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የእምነት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ የባህል ቅርሶችን መጠበቅን የመንግሥት ኃላፊነት ያደርጋል። በአንድ ክፍል የክርስቲያኑና የእስላሙ ልጅ አብረው ስለሚቀመጡ መምህሩ ሁለቱንም ቃል ማክበር አለበት። በአስተያየታችን የበዓሉን ትርጓሜ ለየቤተሰቡ መተው ይሻላል፤ መቀባበሉ፣ ምርቃቱና መካፈሉ ግን ሁሉም ልጅ ሊማረው የሚገባ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጣ ወዲህ፣ «ኦ ክፍል» የሚባለው የአንድ ዓመት ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ተስፋፍቷል። ታላላቆቹና ታናናሾቹ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ዱላቸውን ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል ይዙሩ፤ ሕፃናቱም በደጃቸው ይቀበሏቸው፤ ዳቦውንም አብረው ይቁረሱ። የሴቶች ልጆች የሆነውን የእንቁጣጣሽን ጭፈራም በዚሁ መንገድ ማስተማር ይቻላል።

የባህል ተመራማሪ ግጥሙን ጽፎ፣ ዜማውን ቀርጾ ማስቀመጡ መልካም ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ የተቀመጠ ግጥም አውራጅን አያፈራም። አውራጅን የሚያፈራው በልጅነቱ ከታላቁ ኋላ ቆሞ መቀበል ነው፤ ይህ ሰንሰለት በአንድ ትውልድ ከተቋረጠ የሚቀጥለው ማን እንደ ሆነ ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል።