ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ «አዕምሮ» ሊገጠምላት ይችላልን?

አሮጌ መኪና ማደስ ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሞተሩ የደከመ ላንድክሩዘር ከሌላ መኪና በወጣ ሞተር ዳግም ሲነሣ፣ ካምቢዮው የተሰበረ አይሱዙ በሳምንቱ ጭኖ ሲያልፍ ያየ ሰው «ዕቃው ከተገኘ የማይጠገን የለም» ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። በኤሌክትሪክ መኪኖች ዘመን ግን ጥያቄው መልኩን ለውጧል። ዛሬ የሚጠየቀው ሞተር ስለመለወጥ ሳይሆን፣ መኪናዋ መንገዱን አይታ መሪዋን ራሷ እንድትይዝ የሚያደርጓትን ኮምፒውተርና ካሜራዎች ስለመለወጥ ነው።

ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሏን ካስታወቀች ወዲህ ጉዳዩ ለከተማ ነዋሪውም ቀርቧል። መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ከባትሪው ዕድሜ ቀጥሎ «ራሷን ትነዳለች» የሚል ማስታወቂያ ያጋጥመዋል። «አሁን ባትነዳም በኋላ ታሻሽላታለህ» የሚለው የደላላ ቃልም ይከተላል። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመረዳት የአሜሪካውን የቴስላ ኩባንያ የዘጠኝ ዓመት ታሪክ መመልከት ይጠቅማል፤ አሮጌ መኪናን በአዲስ የራስ ነጅነት መሣሪያ የማሻሻል ነገር በሰፊው የተሞከረው በዚያ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ ሀገር ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴስላ ጥቅምት 19 ቀን 2016 ባወጣው መግለጫ ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሚያመርታቸው መኪኖች ሁሉ ሙሉ በሙሉ ራስን ለመንዳት የሚያስፈልገውን መሣሪያ ይዘው እንደሚወጡ አስታወቀ። መኪኖቹ ዙሪያውን የሚያዩ 8 ካሜራዎች፣ 12 በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለኩ ዳሳሾች፣ አንድ የፊት ራዳርና ከኤንቪዲያ ኩባንያ የመጣ ኮምፒውተር ነበራቸው። የጎደለው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው፤ እርሱም በኢንተርኔት እየተላከ ይጫናል ተባለ። ገዢው «ሙሉ ራስ ነጅነት» ለተሰኘው ጥቅል አስቀድሞ እንዲከፍል ተጋበዘ። የጥቅሉ ዋጋ ከዓመት ዓመት እየናረ በ2022 መስከረም 15,000 ዶላር ደረሰ። በ2024 ሚያዝያ ወደ 8,000 ዶላር ወረደ።

ኮምፒውተሩ ለሥራው እንደማይበቃ ለመታየት ብዙ ጊዜ አልፈጀም። ኩባንያው ራሱ የነደፈውን ቺፕ በ2019 ጸደይ ይፋ አደረገ። በተለምዶ «ሃርድዌር 3» የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቺፖች የተቀመጡበት ሲሆን፣ አንደኛው ቢበላሽ ሌላው መኪናዋን እንዲይዝ የታሰበ ነው። ቀዳሚው ኮምፒውተር በሰከንድ 110 ያህል ምስሎችን ሲመረምር አዲሱ 2,300 ይመረምራል ተብሎ ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከፍጥነቱ ይልቅ ሌላ ነገር ይበልጣል። መሐንዲሶቹ ቺፑን ሲነድፉ ቀድመው የተሸጡትን መኪኖች በአእምሯቸው ይዘው ነበር። የአዲሱ ኮምፒውተር የኃይል ፍጆታ ከ100 ዋት እንዳያልፍ ወሰን ያበጁለት በአሮጌዎቹ መኪኖች የነበረው ሽቦና ማቀዝቀዣ ከዚያ በላይ መሸከም ስለማይችል ነው። ሳጥኑም በአሮጌው ቦታ ልክ እንዲገባ ሆኖ ተሠራ። በመሆኑም ጥቅሉን ቀድመው የገዙ ባለመኪኖች ወደ ጥገና ማዕከል ሄደው ኮምፒውተሩን ያለ ክፍያ አስለወጡ። በአንዳንዶቹ መኪኖች ላይ ካሜራዎችም ተለውጠዋል። ጥቅሉን ሳይገዙ በ2021 ሐምሌ በተጀመረው ወርኃዊ ክፍያ መጠቀም የፈለጉት ግን ለኮምፒውተሩ ቅያሪ መጀመሪያ 1,500፣ በኋላም 1,000 ዶላር ተጠየቁ። ብዙዎች ይህን መክፈላቸው አበሳጭቷቸዋል። መኪናቸው አስፈላጊውን መሣሪያ ሁሉ እንደያዘች ቀድሞ ተነግሯቸው ነበርና ቅሬታቸው ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ቀና አልሆነም። በ2023 መጀመሪያ «ሃርድዌር 4» በአዳዲስ መኪኖች ላይ ወጣ። የካሜራዎቹ የምስል ጥራት ከ1.2 ሚሊዮን ነጥብ ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ አደገ፤ ኮምፒውተሩም ይበልጥ ኃይለኛ ሆነ። ይሁንና የሰሌዳው ቅርጽ፣ የኃይል መሰኪያውና የካሜራ ሽቦዎቹ ማያያዣ ከቀድሞው የተለዩ ናቸው፤ የሚጠይቀው ኤሌክትሪክም ይበልጣል። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ኢሎን መስክ አሮጌዎቹን ወደ አዲሱ ማሳደግ በገንዘብ የሚያዋጣ እንዳልሆነ በዚያው ሰሞን ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በሶፍትዌሩም ታየ። በ2024 መጨረሻ የወጣው 13ኛው የራስ ነጅነት ሶፍትዌር የተሠራው ለሃርድዌር 4 መኪኖች ነበር። የሃርድዌር 3 ባለቤቶች በቀደመው ሶፍትዌር ቀሩ። በመጨረሻም መስክ ጥር 29 ቀን 2025 ለባለአክሲዮኖች በሰጡት ማብራሪያ፣ ጥቅሉን የገዙ ሰዎችን የሃርድዌር 3 ኮምፒውተር መለወጥ ግድ እንደሚሆን፣ ሥራውም አድካሚና ከባድ እንደሆነ አመኑ። የጊዜ ሰሌዳ ግን አላስቀመጡም። ቃሉም የተገባው ጥቅሉን በሙሉ ዋጋ ለገዙት እንጂ በየወሩ ለሚከፍሉት አልነበረም። በዚያው ዓመት ነሐሴ በካሊፎርኒያ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥቅሉን የገዙ የግዛቲቱ ነዋሪዎች በመኪናው መሣሪያ ብቃት ላይ ያነሡት ክስ በቡድን እንዲታይ ፈቅዷል።

ኮምፒውተር መለወጥ ለምን ይህን ያህል ያስቸግራል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ስልክ እንኳ በየዓመቱ ይለወጣልና። መኪናዋ የምታየው በካሜራዎቿ ነው። ካሜራዎቹ በፊት መስታወቱ አናት፣ በበሮቹ መካከል ባሉ ምሰሶዎችና በጎን መከለያዎቹ ላይ ተተክለው፣ ከየቦታቸው የተዘረጋው ሽቦ በውስጠኛው ልባስ ሥር አልፎ ወደ ኮምፒውተሩ ይደርሳል። ካሜራውን ለማሳደግ ሽቦው መለወጥ ካለበት የመኪናዋ የውስጥ ልባስ በሙሉ መነሣት ይኖርበታል፤ የጉልበት ዋጋው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። እንደ ሞዴል 3 ባሉት መኪኖች ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ስለሆነ በጋራዥ እንደ ዘበት የሚነቀል ዕቃ አይደለም። ሦስተኛው ችግር ከሶፍትዌሩ ይመጣል። በ1.2 ሚሊዮን ነጥብ ምስል የሠለጠነ ሥርዓት በ5 ሚሊዮን የሠለጠነውን እንደወረደ ሊጠቀም አይችልም። ኩባንያው አሮጌ ካሜራ ላላቸው መኪኖች አዲስ ኮምፒውተር ቢሰጥም እንኳ ሶፍትዌሩን ለአሮጌው ዓይን ለይቶ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

አርሶ አደሩ ይህን ከትራክተር ጋር ቢያነጻጽረው ነገሩ ይበልጥ ይገባዋል። በሌላው ዓለም አሮጌ ትራክተርን ራሱን እንዲመራ ማድረግ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ሥራ ነው። በመሪው ላይ ሞተር ይገጠማል፤ በጣሪያው ላይ የሳተላይት ምልክት መቀበያ ይተከላል፤ በአቅራቢያ የማስተካከያ ጣቢያ ካለ ትራክተሩ ከመስመሩ በ2 እና 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ እየተዛነፈ ያርሳል። ይህ መሣሪያ ከአንዱ ትራክተር ተነቅሎ ለሌላው ሊገጠም ይችላል። የሚሳካውም ሥራው ቀላል በመሆኑ ነው፤ ትራክተሩ መስመሩን ይከተላል እንጂ ድንገት የሚያቋርጥ ልጅ አለ ወይስ የለም ብሎ አይፈርድም፤ ያን የሚያየው በወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው። ሰው አልባ ትራክተር ሲታሰብ የዕቃው ብዛት ወዲያው ይጨምራል። ጆን ዲር በጥር 2025 ላስ ቬጋስ ላይ ያቀረበው ሰው አልባ የእርሻ ትራክተር 16 ካሜራዎችን የተሸከመ ነው። ኩባንያው መሣሪያውን ለነባር ትራክተሮችም እንደሚያቀርብ ገልጿል፤ ሆኖም አስቀድመው ለዚህ ለተዘጋጁ የቅርብ ዓመታት ሞዴሎች ብቻ ነው።

ለመኪናም ከትራክተሩ የመጀመሪያ ዘዴ ጋር የሚቀራረብ መንገድ አለ። በአሜሪካ ሳንዲየጎ የሚገኘው ኮማ የተባለ ኩባንያ በፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ ካሜራና ኮምፒውተር በአንድነት የያዘ መሣሪያ በ1,000 ዶላር ገደማ ይሸጣል። «ኦፕንፓይለት» የተባለው ሶፍትዌሩ ለማንም ክፍት ሲሆን ከ250 በላይ በሆኑ የመኪና ሞዴሎች ላይ ይሠራል። መሣሪያው ራሱ መሪ አይዘውርም፤ በመኪናዋ ውስጥ ቀድሞ ያለውን የኤሌክትሪክ መሪና ፍጥነት መቆጣጠሪያ ያዝዛል። ስለሆነም እነዚህ የሌሏት መኪና ምንም አታገኝበትም። አሽከርካሪው ዓይኑን ከመንገድ ካነሣም መሣሪያው በካሜራ አይቶ ያስጠነቅቀዋል።

እዚህ ላይ በገበያው ብዙ ጊዜ የሚምታታውን ነገር መለየት ያስፈልጋል። የዘርፉ መሐንዲሶች ራስ ነጅነትን ከ0 እስከ 5 በደረጃ ይከፍሉታል። በደረጃ 2 መኪናዋ መሪውን፣ ፍጥነቱንና ፍሬኑን ብትይዝም ኃላፊነቱ የሰው ነው፤ አሽከርካሪው በየቅጽበቱ መከታተል አለበት። የኮማ መሣሪያም ሆነ ለግል ባለመኪኖች የሚቀርበው የቴስላ «ሙሉ ራስ ነጅነት» በዚሁ ደረጃ ላይ ናቸው። ቴስላም በ2024 በስሙ ላይ «በክትትል ሥር» የሚል ቃል ጨምሮበታል። የደኅንነት ጥያቄም አለ፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን የአሽከርካሪውን ትኩረት መቆጣጠሪያ በቂ ባለመሆኑ በ2023 ታኅሣሥ ከ2 ሚሊዮን በላይ የቴስላ መኪኖች ሶፍትዌር እንዲስተካከል አስደርጓል።

ወደ ሀገራችን ገበያ ስንመለስ፣ በብዛት የሚታዩት የቻይና ሥሪት መኪኖች ናቸው። ቢዋይዲ የካቲት 10 ቀን 2025 «የአምላክ ዓይን» ብሎ የሰየመውን የመንዳት አጋዥ ሥርዓት በ21 ሞዴሎች ላይ እንደሚገጥም አስታወቀ። በወቅቱ በቻይና 69,800 ዩዋን ትሸጥ የነበረችው ትንሿ ሲጋልም ከእነዚህ አንዷ ናት። የዚህ ሥርዓት ዝቅተኛው ዓይነት 12 ካሜራዎች፣ 5 ራዳሮችና 12 የድምፅ ሞገድ ዳሳሾች አሉት። በ2023 እና በ2024 የተመረተችው ሲጋል ግን ይህን ሁሉ አልያዘችም። ሁለቱ መኪኖች በአንድ ግቢ ቆመው ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ሻጩ ለሁለቱም አንድ ስም ይጠራል። የጎደለውን በኋላ መግጠም ማለት ከላይ የተገለጸውን ሽቦ፣ ዳሳሽና ኮምፒውተር በሙሉ እንደ አዲስ መዘርጋት ነው። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ያን ገንዘብ ለባትሪ ጤንነት ምርመራ ማዋል ይሻላል።

ገዢው ራሱ ሊያረጋግጣቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። በቴስላ መኪና ስክሪን ላይ ወደ ሶፍትዌር ገጹ ገብቶ ተጨማሪ የመኪና መረጃ የሚለውን ሲነኩ የተገጠመው ኮምፒውተር ዓይነት ይታያል። በሌሎች መኪኖች የምርት ዓመቱንና በቅርጽ ከሚመሳሰሉት መካከል የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከሻንሲ ቁጥሩ ማጣራት ያስፈልጋል። የፊት መስታወቱ አናት ላይ ካሜራ መኖሩን በዓይን ማየት ቀላል ነው፤ ካሜራ ከሌለ ሶፍትዌር ብቻውን የሚፈጥረው ነገር የለም። አገልግሎቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው አምራቹ ከሩቅ ሆኖ ስለሆነ፣ በሻጩ ስልክ ላይ የታየ ቪዲዮ ከሌላ ሀገር የተቀዳ ሊሆን እንደሚችል መገመት ይገባል። ቴስላ ይህን አገልግሎት ለኢትዮጵያ አላቀረበም።

መስታወቱ በድንጋይ ተሰብሮ ወይም ካሜራው ተለውጦ እንደሆነም መጠየቅ ያሻል፤ ከዚያ በኋላ ካሜራው ራሱን ዳግም ማስተካከል አለበትና። በቴስላ የባለቤት መመሪያ መሠረት ይህ ማስተካከል ብዙውን ጊዜ ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በመንዳት ይጠናቀቃል። መንገዱ ግን ቀጥ ያለ፣ ብዙ መስመር ያለውና ቀለሙ ጎልቶ የሚታይ መሆን ይኖርበታል። የመንገዱ ቀለም የደበዘዘ ወይም ከናካቴው የሌለ ከሆነ ማስተካከሉ ይዘገያል፤ 160 ኪሎ ሜትር ተነድታም ካልተጠናቀቀ ባለመኪናው ወደ ኩባንያው የጥገና ማዕከል እንዲሄድ መመሪያው ያዝዛል።